የአፍንጫ ካንሰር ውጤት «አዴኖካርሲኖማ» ብሎ አይቁም፦ ለጤና ሚኒስቴርና ለአዲስ አበባ ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። መሃል አዲስ አበባ ውስጥ በፓቶሎጂ ሙያ የምሠራ ሐኪም ነኝ። ከሕመምተኛ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቼ በሽታው ምን እንደሆነ እጽፋለሁ። ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ማስገባት እችል ነበር። በአደባባይ የጻፍኩት ጉዳዩ የአናጢዎች፣ የጫማ ሠሪዎችና የቤተሰቦቻቸውም ስለሆነ ነው። እነሱም ያንብቡት።

የማነሳው በአፍንጫና በሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ አጥንት ውስጥ ባሉት አየር የያዙ ክፍት ቦታዎች) ውስጥ ካሉ እጢዎች ስለሚነሳ ካንሰር ነው። በሙያው አዴኖካርሲኖማ ይባላል። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ውጤቱ በዚህ አንድ ቃል አያብቃ። ዓይነቱ ተለይቶ ይጻፍ። ሕመምተኛው ዕድሜውን በምን ሥራ እንዳሳለፈም ይጠየቅ።

በሽታው ሲጀምር ጉንፋን ነው የሚመስለው። አንደኛው አፍንጫ ይደፈናል። አልፎ አልፎ ይነስራል። ሽታ ይጠፋል። ሰው «ሳይነስ ነው» ብሎ ይተወዋል። ከፋርማሲ ጠብታ ይገዛል፣ ዳማከሴ ያሸታል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅሎ ይታጠናል። ወራት እንደዚህ ይሄዳሉ። ብዙዎቹ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ የሚደርሱት ዓይናቸው ወደ ውጭ መገፋት ሲጀምር ነው። ኤትሞይድ የሚባለው ሳይነስ በሁለቱ ዓይኖች መሃል ነው ያለው። ጎኑ የዓይን ቤት ነው፣ ጣሪያው ቀጭን አጥንት ነው፣ ከጣሪያው በላይ አንጎል ነው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ የበቀለ ነገር ምንነቱ ቶሎና በትክክል መታወቅ አለበት።

አሁን ያለው አሠራር ግን እንዲህ ነው። ናሙናው ይቆረጣል፣ በተለመደው ቀለም ይቀለማል፣ እኛም «አዴኖካርሲኖማ» ብለን እንፈርማለን። ውሸት አይደለም፣ ግን ጎዶሎ ነው። በዚህ አንድ ስም ሥር ጠባያቸው የማይመሳሰል በሽታዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የአንገትና የራስ ካንሰር ምደባ መጀመሪያ ከምራቅ እጢ ዓይነት የሆኑትን ለብቻ ያወጣል። የቀሩትን ደግሞ የአንጀት ዓይነትና የአንጀት ዓይነት ያልሆነ ብሎ ይከፍላቸዋል።

የአንጀት ዓይነት ሲባል ግራ የሚጋባ አለ። ካንሰሩ ከአፍንጫው ነው የተነሳው፤ መልኩ ግን ቁርጥ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ ስላይድ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁ። ረጃጅም ሴሎች ጎን ለጎን ተደርድረው ቱቦ ሠርተዋል። ኒውክሊየሳቸው ጠቁሮና ረዝሞ ተደራርቧል። በመሃል በመሃሉ ሆዳቸው በንፍጥ የተሞላ ጎብሌት ሴሎች አሉ። የቱቦው ውስጥ በሞተ ሴል ፍርስራሽ ተሞልቷል። የናሙናው ዕቃ ላይ «አፍንጫ» የሚል ባይጻፍበት የአንጀት ነው ብዬ እፈርም ነበር።

የመጠየቂያ ወረቀቱን አነሳሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ «የአፍንጫ እባጭ፣ ካንሰር መሆን አለመሆኑ ይታይ»። አለቀ። ሥራ የሚል መስመር ወረቀቱ ላይ የለም። ደውዬ ልጃቸውን አገኘሁት። «ጋሼ ምን ይሠሩ ነበር?» አልኩት። «አባባ? አናጢ ነበሩ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ዓይነቱን ለማረጋገጥ ማርከር ያስፈልገኝ ነበር። ከሚያስፈልጉኝ አንቲቦዲዎች አንዱ ጊዜው አልፎበታል፣ ሌላው ግዢ ላይ ነው ተባለ። ቤተሰቡ ብሎኩን (ናሙናው በሰም የተያዘበትን) ተቀብሎ በገዛ ገንዘቡ ወደ ውጭ አገር ላከው። ውጤቱ እስኪመጣ ቀዶ ሕክምናው ቆመ። አቅም የሌለው ቤተሰብ ቢሆን ኖሮ «አዴኖካርሲኖማ» ከምትለው ቃል ጋር ይቀር ነበር።

ማርከር ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ለአንባቢ ላስረዳ፤ ኃላፊዎቹ እንደምታውቁት አውቃለሁ። እያንዳንዱ ሴል የራሱ ፕሮቲኖች አሉት። እነዚያን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ በቀጭኑ በተቆረጠው ናሙና ላይ ይደረጋል። ፕሮቲኑ ካለ አንቲቦዲው ይጣበቃል፣ የተጣበቀበትም ቦታ ቡናማ ይሆናል። ከሌለ ሴሉ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባለው ይኸው ነው። ሴሉ ታርጋውን አውጥቶ እንደማሳየት ቁጠሩት።

ለአፍንጫ አዴኖካርሲኖማ መነሻ የሚሆኑት ሦስት ናቸው፦ ሲኬ 7፣ ሲኬ 20 እና ሲዲኤክስ 2። የአንጀት ዓይነት የሆነው በአብዛኛው ሲኬ 20 እና ሲዲኤክስ 2 ያሳያል። ሲዲኤክስ 2 የሚቀልመው ኒውክሊየሱን ነው፤ ጥሩ ሲሠራ ቡናማ ነጥቦች በረድፍ ተሰልፈው ይታያሉ፣ አያሳስትም። የአንጀት ዓይነት ያልሆነው ደግሞ ሲኬ 7 ይይዛል፣ ሁለቱን አይዝም። ሲኬ 7 ግን ለብቻው አይፈርድም። በአንጀት ዓይነቱም ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል። አንድ ማርከር ብቻ አዝዞ የሚፈርም ካለ እባካችሁ ይታረም። የምራቅ እጢ ዓይነት ከተጠረጠረ ፒ 63፣ ሲዲ 117 እና ሶክስ 10 ይጨመራሉ። አዴኖይድ ሲስቲክ የሚባለው ካንሰር ሁለት ዓይነት ሴል ስላለው በእነዚህ ይገለጣል።

አሁን «ተለይቶስ ምን ሊረባ? ሁሉም ኦፕራሲዮን ነው» የሚል አይጠፋም። ከሥራ ባልደረቦቼም ሰምቼዋለሁ። በዚህ አልስማማም።

ዝቅተኛ ደረጃ ያለው የአንጀት ዓይነት ያልሆነ ካንሰር ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። በደንብ ተጠርጎ ከወጣ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምናው ብቻ ሰውየው ይድናል። የአንጀት ዓይነቱ እንደዚያ አይደለም። ወደ አንገት እጢዎች የሚሄደው ጥቂቱ ቢሆንም ባለበት ቦታ ይመለሳል። በቆዩት ጥናቶች ግማሽ ያህሉ ሕመምተኞች ላይ ተመልሷል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ጨረር ይታዘዛል፣ ክትትሉም ዓመታት ይወስዳል። አዴኖይድ ሲስቲክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ነርቭን ተከትሎ ይሄዳል። አምስት ዓመት ጸጥ ብሎ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ሳንባ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። «አምስት ዓመት አልፎሃል፣ ነጻ ነህ» ተብሎ የሚሸኝ በሽታ አይደለም።

የጨረር ሕክምና ወረፋ በዚህ ከተማ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ሕመምተኛ ሁሉ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለው አንድ ሆስፒታል ነበር የሚሰለፈው። ዛሬ ማዕከሎች ተጨምረዋል፤ ወረፋው ግን አላለቀም። ጨረር የማያስፈልገውን ሰው ከወረፋው ማውጣት፣ የሚያስፈልገውን ቶሎ ማስገባት የምንችለው ዓይነቱን ስናውቅ ነው። ስሙ ብቻ በተጻፈበት ወረቀት ሐኪሙ ምን ይወስን?

ማርከሩ የማይመልሰውም ጥያቄ አለ፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ አታላይ እሆናለሁ። እውነተኛ የአንጀት ካንሰር አልፎ አልፎ ወደ አፍንጫና ሳይነስ ይሰራጫል። ይህ ካንሰርና ከአፍንጫው የተነሳው የአንጀት ዓይነት በሲኬ 20 እና በሲዲኤክስ 2 አይለዩም፤ ሁለቱም ቡናማ ናቸው። ሲኬ 7 ከተገኘ ሚዛኑን ወደ አፍንጫ ያዘነብላል እንጂ አይቆርጥም። ስለዚህ የአንጀት ዓይነት የሚል ውጤት በወጣ ቁጥር ሕመምተኛው ስለ ሆዱ ይጠየቅ፣ ኮሎኖስኮፒ (የትልቁ አንጀት የካሜራ ምርመራ) እና ሲቲ ስካን ይደረግለት። የላቦራቶሪው ሪፖርት ላይ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በግድ መጻፍ አለባት። አንጀቱ ያልታየ ሰው ፊቱ ተከፍቶ ኦፕራሲዮን ሲደረግ ማየት ያማል።

ናሙናው እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚበላሽበትም መንገድ አለ። የአፍንጫ ባዮፕሲ ትንሽ ናት፣ ብዙ ጊዜም ከአጥንት ስብርባሪ ጋር ነው የምትመጣው። አጥንቱን ለማለስለስ አሲድ ውስጥ ይነከራል። ጠንካራ አሲድ ውስጥ ከቆየ ፕሮቲኖቹ ይጠፋሉ፤ ከዚያ ማርከሩ «የለም» ይላል፣ እኛም የሌለ ነው ብለን እንሳሳታለን። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ለስላሳው ክፍል አስቀድሞ ተለይቶ በሌላ ካሴት (የናሙና ትንሽ ሳጥን) ይግባ፣ አጥንቱ ብቻ ለብቻው ይነከር፤ ጊዜ ካለ ኢዲቲኤ የሚባለው አጥንትን ቀስ ብሎ የሚያለሰልስ ኬሚካል ይሻላል። የናሙናው ዕቃ ውስጥም 10% የተመጣጠነ ፎርማሊን ይሁን፣ መጠኑም የናሙናውን አሥር እጥፍ ያህል ይሁን። በውኃ ወይም በግሉኮስ ጠርሙስ የሚላክ ናሙና አሁንም ይመጣል። ነርሷ አይደለችም ጥፋተኛዋ፤ የናሙና ዕቃ ያልሰጣት ሥርዓቱ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልምጣ፤ ወደ ሥራው ጥያቄ። ለእኔ ከማርከሩ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

በእንግሊዝ አገር ሃይ ዊኮም የምትባል የወንበርና የዕቃ ፋብሪካ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚያ የምትሠራ ኤዝሜ ሃድፊልድ የምትባል ከአንገት በላይ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለች። የአፍንጫ አዴኖካርሲኖማ ይዞ የሚመጣባት ሰው በዛባት፤ አብዛኞቹም እንጨት ሠራተኞች ነበሩ። የበሽታ ስርጭት ተመራማሪ ከነበረው ከዶናልድ አቺሰንና ከሌሎች ጋር ሆና ነገሩን ተከታተለችው። በ1968 ጥናቱ ታተመ። በ1970 ደግሞ በዚያው በእንግሊዝ በኖርዝሃምፕተንሺር ጫማ ሠሪዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ተገኘ። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር አምጪ ብሎ በአንደኛው ምድብ አስቀመጠው። የቆዳ ብናኝም ዛሬ እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። በጥናቶቹ ላይ በብናኝ የኖሩ ሠራተኞች ላይ ጎልቶ የወጣው ደግሞ የአንጀት ዓይነቱ ነው፤ የሚወደውም ቦታ ኤትሞይድ ነው። ያኔ ሲዲኤክስ 2 የሚባል ማርከር አልነበረም። የነበረው ሐኪሟ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብላ መጠየቋ ነው።

እስቲ መርካቶ ወርዳችሁ ወይም በየሠፈሩ ካሉት እንጨት ቤቶች አንዱ ጋ ግቡ። መጋዙ ይጮኻል። ሰጋቱራው መሬት ላይ ተቆልሏል፤ እሱ ግን ብዙም አያሰጋኝም፣ ከባድ ስለሆነ ይወድቃል። የሚያሰጋኝ በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው ጸሐይ ላይ የሚታየው ደቃቁ ነው። አንድ ወጣት የአልጋ ራስጌ ላይ ጎንበስ ብሎ በማሽን ያለሰልሳል። ቅንድቡ ነጥቷል። ፎጣ አፉ ላይ አስሯል፣ አፍንጫው ግን ውጭ ነው። «ማስክ የለህም?» ስትሉት «ትንፋሽ ያሳጥረኛል» ይላል። ማታ ሲናፈጥ የሚወጣው የእንጨቱ ቀለም ያለው ንፍጥ ነው። ሸራ ተራ ያሉ ጫማ ሠሪዎችም ሶል ሲሞርዱ እንደዚሁ ናቸው። አፍንጫ አየር ማጣራት ሥራው ነውና ብናኙን ያጠምደዋል፤ ብናኙም እዚያው ይቀራል።

ያ ልጅ ነገ አይታመም። ብናኝ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ካንሰሩ እስኪወጣ በአማካይ 40 ዓመት አካባቢ ይወስዳል። ለዚህ ነው ወረቀት ላይ «ሥራ» የሚል ባዶ ቦታ መጨመር ብቻውን የማይበቃው። ታማሚው ሲመጣ «ጡረታ» ተብሎ ይሞላል። ወይም «ጥበቃ»፤ ጉልበቱ ሲደክም አናጢነቱን ትቶ ዘበኛ ሆኗልና። መጠየቅ ያለበት በሕይወት ዘመኑ ረጅም ጊዜ የሠራው ሥራ ምን እንደነበር፣ በስንት ዓመቱ እንደጀመረና እንጨት ወይም ቆዳ ነክቶ ያውቅ እንደሆነ ነው። ለዚህ አንድ መስመር ይበቃል። ማተሚያ ቤቱ ቀጣዩን ጥራዝ ሲያትም ይጨምራት። ዲጂታል መዝገብ የጀመሩትም ቦታዋን ይክፈቱላት።

የውጭዎቹ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት ኦክና ቢች የሚባሉ የውጭ እንጨቶችን በሚያለሰልሱ ሰዎች ላይ ነው። የእኛ አናጢ የሚሠራው በዋንዛ፣ በጽድ፣ በዝግባ፣ በባሕር ዛፍ፣ አሁን አሁን ደግሞ በኤምዲኤፍና በቺፑድ ነው። የእኛን መልስ ከእንግሊዝ አናመጣውም። የእኛን ሕመምተኛ ጠይቀን ነው የምናገኘው።

የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይሠራል። ትልቅ ሀብት ነው። መዝገቡ ግን እኛ የጻፍነውን ነው የሚመዘግበው። «አዴኖካርሲኖማ» ብለን ከላክን በ8140 ኮድ ይገባል፤ ይህም ዓይነቱ ያልተለየ ማለት ነው። የአንጀት ዓይነት ብለን ብንልክ ኮዱ 8144 ይሆናል። ዛሬ ባለው አሠራር ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ መዝገቡን ቢከፍት የአናጢዎቹን በሽታ አያገኘውም። ሰዎቹ ግን ታመው ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ ካሳ የማግኘት መብት አለ። ማስረጃ የሌለው መብት ግን ወረቀት ላይ ይቀራል። የመጀመሪያው ማስረጃ ደግሞ የእኛ ሪፖርት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ። ይህ ካንሰር ብርቅ ነው። የአፍንጫና የሳይነስ ካንሰሮች ሁሉ ተደምረው ከጠቅላላው ካንሰር ከ1% በታች ናቸው፤ አዴኖካርሲኖማ የእነሱ ክፋይ ነው። «ለብርቅ በሽታ ይህን ሁሉ ግዢ?» እንዳትሉኝ። ሲኬ 7፣ ሲኬ 20 እና ሲዲኤክስ 2 ለአፍንጫ ተብለው የሚገዙ አይደሉም። መነሻው ላልታወቀ ካንሰር፣ ለአንጀት፣ ለሳንባ፣ ለማህፀን እንቁላል ማምረቻ በየቀኑ እንፈልጋቸዋለን። ያለ እነሱ የሚሠራ የፓቶሎጂ ክፍል ግማሽ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሠራው።

ችግራችን የዋጋ ብቻ አይደለም፤ የግዢ አሠራርም ነው። እያንዳንዱ ሆስፒታል ለብቻው ትንሽ ትንሽ ይገዛል። አንዱ ጋ ሲኬ 20 አለ፣ ሲዲኤክስ 2 የለም። ሌላው ጋ ሲዲኤክስ 2 ገብቶ ፍሪጅ ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል። መብራት ይጠፋል፣ ቅዝቃዜው ይቋረጣል፣ ብልቃጡ ይበላሻል። አንቲቦዲ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ሁሉም ይግዛ አልልም። መሃል ከተማ ላይ ጄኔሬተር ያለው አንድ ላቦራቶሪ ይመረጥ፣ የጋራ ማርከር ማዕከል ይሁን። ሌላው ሆስፒታል ብሎኩን ብቻ ይላክ። ከልደታ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሜክሲኮ ብሎክ ለማድረስ የአንድ ሞተረኛ ጉዞ ነው። ማዕከሉ በየጊዜው የሚታወቅ የአንጀት ናሙና ጎን ለጎን ይቀልም፤ መቆጣጠሪያው ካልቀለመ ውጤት አይውጣ። የሚወጣበት ቀን ተቆርጦ ይታወቅ። ሁለት ሳምንት ከተባለ ሁለት ሳምንት ይሁን።

ይህ እስኪደራጅ ድረስ ነገ ጠዋት መጀመር የሚቻለውን ጀምሩ። ለሁሉም የመንግሥትና የግል ሆስፒታሎች አንድ ሰርኩላር ይውጣ። የፓቶሎጂ መጠየቂያ ወረቀት ላይ የሥራ ታሪክ መስመር ይግባ። የአፍንጫና የሳይነስ አዴኖካርሲኖማ ሪፖርት የአንጀት ዓይነት ነው፣ አይደለም፣ ወይስ የምራቅ እጢ ዓይነት ነው የሚለውን ይግለጽ። ማርከር ከሌለ «ማርከር ባለመኖሩ አልተለየም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ይህ ቢያንስ ሐኪሙ ምን እንደጎደለ እንዲያውቅ ያደርጋል፤ መዝገቡም ስንት ሰው ሳይለይ እንደቀረ ይቆጥራል። የናሙናው ብሎክም እንዳይጣል፤ አንቲቦዲ ሲመጣ ተመልሶ ይሠራል።

ለአናጢዎችና ለጫማ ሠሪዎች ደግሞ፦ አንድ አፍንጫችሁ ብቻ ከተደፈነና ሳይሻለው ከሰነበተ፣ በተለይ ከዚያው በኩል ከነሰራችሁ፣ ጠብታ እየገዛችሁ አትቆዩ። ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ። ማንም ባይጠይቃችሁ እንኳን «እኔ ዕድሜዬን እንጨት ስሠራ ነው የኖርኩት» በሉ። ይህን ወረቀቱ ላይ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ።

ክቡራን፣ ሰርኩላሩን ለማርቀቅ፣ የሪፖርቱን ቅጽ ለማዘጋጀት፣ የማርከሩን አሠራር ለወጣት ባልደረቦች ለማስተማር ከእናንተ ምንም ክፍያ አልፈልግም። ሌሎችም የሙያ ጓደኞቼ ፈቃደኞች ናቸው። ጥሪያችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የፓቶሎጂ ሐኪም
አዲስ አበባ